ገደብና ልክ፦ ስለ ሰው ልማት በ1964 ዓ.ም. የወጡ ሁለት ሰነዶችን አብሮ ማንበብ

በ1964 ዓ.ም. አጋማሽ ላይ፣ በሁለት ወር ያህል ልዩነት፣ ሁለት ሰነዶች ወጡ። አንደኛው የሮም ክለብ ለተባለው ማኅበር ተዘጋጅቶ እ.ኤ.አ. በማርች 1972 በአሜሪካ የታተመው «የዕድገት ገደቦች» የተሰኘው ጥናት ነው። ሁለተኛው የኢትዮጵያ ወንጌላዊት ቤተ ክርስቲያን መካነ ኢየሱስ በግንቦት ወር በጄኔቭ ለሚገኘው የሉተራን ዓለም ፌዴሬሽን የላከችው ደብዳቤ ነው፤ የወንጌል ስብከትና ሰብአዊ ልማት ያላቸውን ተዛምዶ ይመለከታል። ጥናቱ በብዙ ቋንቋዎች ተተርጉሞ በሚሊዮን በሚቆጠር ቅጂ ተሰራጨ። ደብዳቤው ጥቂት ገጾች ብቻ ቢሆንም ስለ ዓለም አቀፍ ተልእኮ የሚደረገውን ክርክር አነቃነቀ። አንዱ ለሌላው መልስ እንዲሆን አልተጻፈም። የጠየቁት ጥያቄ ግን አንድ ነው፦ የሰው ልጅ አደገ የሚባለው ምን ሲሆን ነው?

ይህ ሐተታ ሁለቱን ጎን ለጎን አስቀምጦ ይመረምራል። ነጥባችን ይህ ነው፦ የመጀመሪያው ሰነድ ምድር ልክ እንዳላት አወቀ፤ ሰው ምን እንደ ሆነ ግን አልጠየቀም። ሁለተኛው ሰው ምን እንደ ሆነ አወቀ፤ ምድር ምን ያህል እንደምትችል ግን አልጠየቀም። እኛ ዛሬ በስብከታችንና በልማት ሥራችን የምንመላለሰው በእነዚህ ሁለት ክፍተቶች መካከል ነው። ከሴሚናሪዎቻችን የሚመረቁ አገልጋዮች የሚላኩት እርሻው ወደ ጠበበበት፣ ምንጩ ወደ ራቀበት፣ ወጣቱ መሬት ወዳጣበት አጥቢያ ስለሆነ፣ ጥያቄው በመማሪያ ክፍል ውስጥ የሚቀር አይደለም።

ጥናቱ ምን አለ?

ጸሐፊዎቹ ዶኔላ ሜዶውስ፣ ዴኒስ ሜዶውስ፣ ዮርገን ራንደርስና ዊሊያም ቤረንስ ናቸው። በማሳቹሴትስ የቴክኖሎጂ ተቋም፣ ጄይ ፎረስተር ባዳበሩት የአሠራር ስልት፣ አምስት ነገሮችን በአንድ የኮምፒውተር ሞዴል አያያዙ፦ የሕዝብ ብዛትን፣ የምግብ ምርትን፣ የኢንዱስትሪን ዕድገት፣ ብክለትንና የማይታደሱ የተፈጥሮ ሀብቶችን። ክርክራቸው ለመረዳት አይከብድም። በየዓመቱ 2 በመቶ የሚያድግ ነገር በ35 ዓመት ገደማ እጥፍ ይሆናል፤ በ70 ዓመት አራት እጥፍ፣ በ105 ዓመት ስምንት እጥፍ ይደርሳል። ምድር ግን አትጨምርም። በዚህ ላይ ጉዳቱ ዘግይቶ ስለሚታይ ሰው ገደቡን ማለፉን የሚያውቀው ካለፈ በኋላ ነው። የዓለም አካሄድ ካልተለወጠ በ21ኛው መቶ ዓመት ውስጥ ምርቱም የሕዝቡም ቁጥር ያሽቆለቁላል፤ በጊዜ ከተለወጠ ግን ሁሉን በልክ የሚያኖር የተረጋጋ ሥርዓት ይቻላል አሉ።

ይህን ጥናት ብዙ ሰዎች ሳያነቡት ነቅፈውታል። አንዳንዶች ነዳጅና ወርቅ እስከ 2000 እ.ኤ.አ. ያልቃሉ ብሎ ተንብዮ የተሳሳተ አድርገው ያቀርቡታል። ጥናቱ ትንቢት አልተናገረም፤ «እንዲህ ከቀጠላችሁ እንዲህ ይሆናል፣ ብትመለሱ ግን ሌላ ይሆናል» የሚል አነጋገር ነው። ይህን አነጋገር ከዮናስና ከኤርምያስ (ኤር. 18፥7-10) የለመድን እኛ ልንስተው አይገባም ነበር።

ጠንከር ያለው ትችት የመጣው ከኢኮኖሚስቱ ጁልያን ሳይመን ነው። እርሳቸው የመጨረሻው ሀብት የሰው ብልሃት ነው ብለው ያምኑ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1980 ስለ ሕዝብ ብዛት ብርቱ ሥጋት ከነበራቸው ከሥነ ሕይወት ሊቁ ከፖል ኤርሊክ ጋር በአምስት ማዕድናት ዋጋ ላይ ለ10 ዓመት ተወራረዱ፤ ሳይመን ረቱ። ይህን ውርርድ የዕድገት ገደብ ሐሳብ መቃብር አድርገው የሚቆጥሩት አሉ። ነገር ግን ውርርዱ የለካው ገበያ የሚሸጠውን ነው። መዳብ ሲወደድ ሰው ሌላ ማዕድን ይፈልጋል፤ አፈርና አየር ግን ሲጎዱ «ተወደድሁ» ብለው አይጮኹም። በ1972 በአየር ውስጥ ከአንድ ሚሊዮን ቅንጣት 327 ያህሉ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ነበር፤ ዛሬ ከ420 በላይ ነው። የዓለም ሕዝብ ያን ጊዜ 3.8 ቢሊዮን ገደማ ነበር፤ በ2022 8 ቢሊዮን ሞልቷል። ዛሬ የጠበበው የማዕድን ጉድጓዱ ሳይሆን የምንተነፍሰውና የምንዘራበት ነው።

የጥናቱ ጉድለት

እስከዚህ ድረስ ጥናቱን ተከላከልንለት። ጉድለቱ ሌላ ቦታ ነው። ሞዴሉ ዓለምን እንደ አንድ ቤት፣ ሰውን እንደ አንድ አማካይ ቁጥር ወሰደ። ሀብታምና ድሀ፣ ባለ መሬትና ጭሰኛ በዚያ ስሌት ውስጥ የሉም። ይህን ቀድመው ያዩት የደቡብ ዓለም ሰዎች ናቸው። በአርጀንቲና የሚገኘው የባሪሎቼ ፋውንዴሽን እ.ኤ.አ. በ1976 የራሱን ሞዴል አውጥቶ፣ የሰውን መሠረታዊ ፍላጎት ለማሟላት ዋናው መሰናክል የምድር እጥረት ሳይሆን የሥልጣንና የሀብት ክፍፍል ነው ሲል ተከራከረ። ትችቱ ዛሬም ሚዛን ይደፋል። አንድ ኢትዮጵያዊ በዓመት ወደ አየር የሚለቀቅበት ካርቦን ዳይኦክሳይድ በአማካይ ከሩብ ቶን ያነሰ ነው፤ የአንድ አሜሪካዊ ከ13 ቶን በላይ ነው። ሁለቱን ደምሮ ለሁለት ማካፈል ሒሳብ ነው እንጂ ፍትሕ አይደለም።

ሁለተኛው ጉድለት ጠለቅ ያለ ነው። ጸሐፊዎቹ የሰው አመለካከት መለወጥ እንዳለበት ይናገራሉ፤ ሰው ግን ለምን እንደሚስገበገብ አይነግሩንም። በሉቃስ 12 ያለው ባለጠጋ ጎተራውን አፍርሶ ሌላ ትልቅ ለመሥራት ያሰበው ስሌት ስላልቻለ አልነበረም፤ ስሌትማ ያውቅ ነበር። ያጣው «በቃኝ» ማለትን ነው። ይህን ምንም ግራፍ አያስተምርም። ገደብን ማሳየት አንድ ነገር ነው፤ ገደብን የሚወድ ልብ መስጠት ሌላ ነገር ነው።

ደብዳቤው ምን አለ?

አሁን ወደ ራሳችን ሰነድ እንምጣ። ደብዳቤው ቄስ ጉዲና ቱምሳ የመካነ ኢየሱስ ዋና ጸሐፊ በነበሩበት ጊዜ የወጣ ነው። ቄስ ጉዲና በሐምሌ 1971 ዓ.ም. ታፍነው ተገድለዋል፤ ስለዚህ ብዙዎቻችን ሰነዱን የምናነበው ከሰማዕትነታቸው ጋር አያይዘን ነው። መነሻው ግን የዕለት ተዕለት የአስተዳደር ችግር ነበር። የምዕራቡ ዓለም ለጋሾች ለትምህርት ቤት፣ ለሕክምናና ለእርሻ ፕሮጀክት ገንዘብ ሲሰጡ፣ በፍጥነት ለሚያድጉት አጥቢያዎች የወንጌል ሥራ ግን እጃቸው ይሰበሰብ ነበር። ቤተ ክርስቲያኒቱም ይህ መለያየት ከእናንተ አስተሳሰብ የመጣ እንጂ የእኛ አይደለም አለች። ሰውን ለሁለት ከፍሎ አንዱን ክፍል ብቻ መርዳት ሰውን አለመርዳት ነው፤ በቁሳቁስ ያደገ ማኅበረሰብ ውስጣዊው ሰው ካልታደሰ አደገ አይባልም ስትል ተከራከረች። ፌዴሬሽኑ በጉዳዩ ላይ እ.ኤ.አ. በ1974 በናይሮቢ ምክክር አድርጓል። ዛሬ «ሁለንተናዊ አገልግሎት» ብለን የምናስተምረው ትምህርት በአገራችን ከዚህ ደብዳቤ ብዙ ወስዷል።

ደብዳቤው፣ ጥናቱ ያልጠየቀውን ጥያቄ ጠይቆ በትክክል መልሷል ብለን እናምናለን። ሰው የመብላትና የመቁጠር ፍጥረት ብቻ አይደለም፤ የእግዚአብሔር መልክ ነው። ስለዚህ ልማት የሚለካው በምርት ብቻ አይደለም።

ሆኖም አንድ ነገር ልብ ይበሉ። በደብዳቤው ውስጥ የመሬት፣ የውሃና የደን ጉዳይ የክርክሩ ርዕስ አልነበረም። ለለጋሾች የተጻፈ አጭር ደብዳቤ ስለሆነ በዚህ ልንወቅሰው አይገባም። ተወቃሾቹ እኛ ወራሾቹ ነን። «ሁለንተናዊ» የሚለውን ቃል ተቀብለን «ነፍስና ሥጋ» በሚል ሁለት ቃል ዘጋነው። ዘፍጥረት 2፥7 ግን ሰው ከምድር አፈር ተበጀ ይላል፤ በዕብራይስጡ «አዳም» እና «አዳማ»፣ ሰውና መሬት፣ በስም የተዛመዱ ናቸው። ሦስተኛውን፣ መሬቱን፣ ያልጨመረ አገልግሎት ሁለንተናዊ ሊባል አይችልም።

በዚያው ዘመን በወሎ

ሁለቱ ሰነዶች በወጡ ማግስት በወሎ ዝናብ ጠፋ። የ1965 ዓ.ም. ረሃብ ሁለቱንም ሰነዶች የሚፈትን ሆነ። ለሞዴሉ አንባቢ ነገሩ ግልጽ ይመስላል፦ ብዙ ሕዝብ፣ የተጎዳ መሬት፣ የቀረ ዝናብ። ነገር ግን ኢኮኖሚስቱ አማርትያ ሴን እ.ኤ.አ. በ1981 ባሳተሙት ጥናት እንዳሳዩት፣ በዚያ ጊዜ የአገሪቱ ጠቅላላ የምግብ መጠን እንዲያ አላሽቆለቆለም። የወደቀው የወሎ ገበሬ ምርትና የመግዛት አቅም ነው። በደሴ ገበያ የእህል ዋጋ ያን ያህል አልናረም፤ እንዲያውም ከወሎ ወደ አዲስ አበባና ወደ አሥመራ የወጣ እህል ነበር። መንግሥትም ጉዳዩን ሸፋፈነ። ሰው የሞተው እህል በአገር ሳለ ነው።

ይህ ምን ያስተምረናል? የተፈጥሮ ገደብ ብቻውን አይገድልም፤ ገደቡ ሲመጣ ማን እንደሚሸከመው የሚወስነው የሰው ኃጢአት ነው። ደግሞም ፍትሕ ብቻውን ዝናብ አያመጣም፤ የታጠበ አፈርም አይመልስም። ሁለቱን የሚለያይ ትንታኔ፣ የዓለማዊም ሆነ የእኛ፣ ወሎን አይገልጽም።

ቅርብ ጊዜ ያየነውን የሐረማያን ሐይቅም ያስቡ። የሐረር ከተማ ከዚያ ትጠጣ ነበር፤ በዙሪያው ያለው ገበሬ በሞተር ውሃ እየሳበ ጫትና አትክልት ያጠጣበት ነበር፤ ከኮረብቶቹ የሚታጠበው አፈርም ሐይቁን ይሞላው ነበር። በ1990ዎቹ ዓ.ም. መጨረሻ ሐይቁ ደረቀ። ከጥቂት ዓመታት ወዲህ ውሃ እንደ ገና መታየቱ ምሕረት ነው። ነገር ግን ሲደርቅ ክፉ ሥራ የሠራ አንድ ሰው ፈልገን አናገኝም፤ እያንዳንዱ የየራሱን ቤተሰብ ለማኖር ጥቂት ቀዳ። የጎደለው፣ ሁሉ የሚያውቀውና ሁሉ የሚያከብረው የጋራ ልክ ነው።

ገደብ ወይስ ልክ?

ቋንቋችን እዚህ ላይ ይረዳናል። «ገደብ» ከውጭ የሚመጣ ነው፤ ያስቆማል፣ ይከለክላል። «ልክ» ግን መጠንም ትክክለኛነትም ነው። «ልክ ነህ» ስንል እውነት ተናገርህ ማለታችን ነው፤ «ልኩን ያውቃል» ስንል ትሑት ነው ማለታችን ነው። ጥናቱ ገደብን አስተማረን። ቅዱሳት መጻሕፍት የሚያስተምሩት ልክን ነው።

ልክ ከውድቀት በፊት ነበረ። በገነት መካከል የማይነካ ዛፍ ነበረ፤ ሰው ምድርን እንዲያበጃትም እንዲጠብቃትም ተቀመጠ (ዘፍ. 2፥15-17)። ስለዚህ ልክ ቅጣት አይደለም፤ ፍጡር የመሆን ክብር ነው። በምድረ በዳ መና ሲወርድ ብዙ የሰበሰበም አልተረፈውም፣ ጥቂት የሰበሰበም አልጎደለበትም፤ ለነገ ያስቀመጠው ተላ (ዘጸ. 16)። በሕጉ መሬቱ ራሱ በሰባተኛው ዓመት ያርፋል (ዘሌ. 25)፤ ለጦርነት እንኳ የፍሬ ዛፍ አይቆረጥም (ዘዳ. 20፥19)። ይህ ሲጣስ ምን እንደሚሆን 2ዜና 36፥21 ይነግረናል፦ የተነፈገውን ሰንበት ምድሪቱ ሕዝቡ ሲማረክ አገኘችው። ኢሳይያስ 5፥8-10 ደግሞ ቤትን ከቤት፣ እርሻን ከእርሻ እያያዙ ሌላውን የሚያፈናቅሉትን ይወቅሳል፤ ፍርዱም የመሬቱ ምርት ማነስ ነው። ነቢዩ የመሬትን ድካምና የድሀን መገፋት በአንድ እስትንፋስ ይናገራል፤ የሮም ክለብና የባሪሎቼ ሊቃውንት ለየብቻ ያዩትን እርሱ አንድ ላይ አይቶታል።

ጳውሎስ የመናውን ታሪክ ለቆሮንቶስ ሰዎች ያነሣው በኢየሩሳሌም ስለ ነበሩ ድሆች ገንዘብ ሲሰበስብ ነው (2ቆሮ. 8፥13-15)። ሀብታም ስለነበረ ስለ እኛ ድሀ የሆነውን ጌታ ካነሣ በኋላ ነው ይህን ያለው (8፥9)። ስሌት ያልሰጠው ልብ ከዚህ ይገኛል፤ ሰው «በቃኝ» የሚለው ሲፈራ ሳይሆን በክርስቶስ ሲጠግብ ነው።

ሦስት ተቃውሞዎች

አንደኛው፦ «ምድር የምትቃጠል ከሆነች ምን አደከመን?» የሚጠቀሰው 2ጴጥ. 3፥10 ነው። በጥንታውያኑ የሲናና የቫቲካን ቅጂዎች የቁጥሩ መጨረሻ ቃል «ይቃጠላል» ሳይሆን «ይገኛል» የሚል ነው፤ ምድርና በእርስዋ የተደረገው ሁሉ በፈራጁ ፊት ተገልጦ ይገኛል ማለት ነው። ሐዋርያው ያነጻጸረው ከጥፋት ውሃ ጋር ነው፤ ያ ውሃ ክፋትን ጠረገ እንጂ ምድርን አላስወገደም። ፍርድ መኖሩ እንክብካቤን የሚያጠብቅ እንጂ የሚያስቀር አይደለም።

ሁለተኛው፦ «እግዚአብሔር ያዘጋጃል፤ ገደብ ማውራት እምነት ማጣት ነው።» እግዚአብሔር በእውነት ያዘጋጃል። መናንም ያዘጋጀው እርሱ ነው፤ የሰፈረውም እርሱ ነው። ስጦታውን ተቀብሎ መስፈሪያውን መጣል እምነት አይባልም።

ሦስተኛው፦ «ይህ የጠገቡ አገሮች እኛን በድህነት ለማስቀረት ያመጡት ወሬ ነው።» ይህ ተቃውሞ ከሁሉ የከበደ ነው፤ ግማሹንም እንቀበላለን። መብራት ለሌለው ቤት፣ ሐኪም ለሌለው ወረዳ «ዕድገት ይብቃህ» ማለት ግፍ ነው። በመና ታሪክ ጥቂት የሰበሰበው እንዳይጎድልበት የተደረገው ለዚህ ነው፤ ልክ ከላይ ብቻ ሳይሆን ከታችም አለው። ነገር ግን ሀብታሙ አገር ልኩን ማለፉ እኛ የራሳችንን ምንጭ እንድናደርቅ ፈቃድ አይሰጠንም። የሐረማያ ሐይቅ ሲደርቅ መጀመሪያ የተጠማው ሐረር ነው እንጂ ኒው ዮርክ አይደለም።

በመድረካችን ላይ ያለው ጥያቄ

በ1964 የኢትዮጵያ ሕዝብ 30 ሚሊዮን ገደማ ነበር፤ ዛሬ ከ120 ሚሊዮን በላይ እንደሆነ ይገመታል። በብዙ ወረዳዎች አባት ለልጆቹ የሚያካፍለው መሬት ከአንድ ሄክታር በታች ነው። በዚህ ሁኔታ ውስጥ በመድረኮቻችን ላይ ከሚዘወተሩት ጸሎቶች አንዱ ድንበሩ እንዲሰፋለት የለመነው የያቤጽ ጸሎት ነው (1ዜና 4፥10)። ጸሎቱ የመጽሐፍ ቅዱስ ጸሎት ነውና አንነቅፈውም። የምንጠይቀው፣ የተሞላ ቀበሌ ውስጥ ያለ ምእመን ሲሰማው ምን እንደሚረዳ ነው። በዚያ ቀበሌ የአንዱ ድንበር የሚሰፋው ወደ ወንድሙ ማሳ፣ ወደ ግጦሹ ወይም ወደ ገደሉ አፋፍ ነው። የብልጽግና ስብከት የሚያደርሰው ጉዳት ሐሰተኛ ተስፋ መስጠቱ ብቻ አይደለም፤ ጎረቤትንም መሬትንም ከጸሎቱ ውስጥ ማውጣቱ ነው። በዚህ ረገድ ያ ስብከት ጥናቱ ያስጠነቀቀበት ወሰን የለሽ ዕድገት መንፈሳዊ ልብስ ለብሶ የመጣ ነው።

ሌላም የሚያሳስብ ነገር አለ። በሰሜን ኢትዮጵያ ዙሪያው ተመንጥሮ ሳለ በኦርቶዶክስ ተዋሕዶ አብያተ ክርስቲያናት ቅጥር ዙሪያ የቀሩ ደኖች አሉ። እዚያ ያለው ሰው «ይህ አይቆረጥም» የሚልበት ምክንያት አለው፤ ቦታው የተቀደሰ ነው። እኛ የእግዚአብሔር መገኘት በቦታ አይወሰንም ብለን እናስተምራለን፤ ትክክልም ነው። ነገር ግን ምድር ሁሉ የእግዚአብሔር ናት ያለ ሰው ከቅጥሩ ውጭ ያለውን ዛፍ የበለጠ ሊጠብቅ በተገባው ነበር። ቦታን ሁሉ እኩል ቅዱስ ያደረገው ትምህርታችን በተግባር ቦታን ሁሉ እኩል ተራ አድርጎት እንደሆነ ራሳችንን እንመርምር።

እ.ኤ.አ. በ2010 የሎዛን ንቅናቄ በኬፕታውን ባወጣው ሰነድ ፍጥረትን መንከባከብ ከክርስቶስ ጌትነት ጋር የተያያዘ የወንጌል ጉዳይ እንደሆነ ወንጌላውያን ተስማምተዋል። ስለዚህ የጎደለን መግለጫ አይደለም። የጎደለን በሦስት ቦታ የሚሠራ ልምምድ ነው። በሴሚናሪ፣ የሁለንተናዊ አገልግሎት ትምህርት ዘሌዋውያን 25ን ከደብዳቤው ጋር አብሮ ያስነብብ። በልማት ክፍሎቻችን፣ አንድ የመስኖ ፕሮጀክት ስንት ሰው ይጠቅማል ከሚለው ጥያቄ ጋር ምንጩ ለስንት ዓመት ይችላል የሚለው ይጠየቅ፤ ከታች ያለው መንደርም አስቀድሞ ይሰማ። በመድረክ፣ ስለ መብዛት የሚሰበከውን ያህል ስለ መብቃት ይሰበክ።

ውድ አንባቢ፣ በሚመጣው እሑድ የሚሰብኩ ከሆነ አንድ መመዘኛ ይዘው እንዲወጡ እንለምናለን፦ የምሰብከውን በረከት በዚህ ቀበሌ ያለ ሰው ሁሉ ቢቀበለው ውሃው ይበቃል ወይ? የማይበቃ ከሆነ፣ የሰበክነው ለአንዱ እንጂ ለወንድሙ የምሥራች አይደለም።